በቀይ ብርሃን የሚሠራ የጉልበት ቀበቶ፦ ከአንድ ክረምት አጠቃቀም በኋላ

እናቴ ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሞቹ ሕመሟ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ መሆኑን ነግረዋታል፤ እርሷ ግን እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ «ቁርጥማት» ነው የምትለው። ባሕር ዳር በክረምት፣ በተለይ ከጣና በኩል እርጥብ ነፋስ በሚነፍስባቸው ጠዋቶች፣ ከአልጋ ወርዳ ጉልበቷን እስክትዘረጋ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ውጭ አገር ያለችው እህቴ በጉልበት ላይ የሚታሰር የቀይ ብርሃን ቀበቶ ላከችላት፤ ይህን የምጽፈው ቀበቶውን ክረምቱን ሙሉ በቅርብ ስከታተል ከቆየሁ በኋላ ነው።

ቀበቶው በውስጥ በኩል ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ለስላሳ ጨርቅ ሲሆን፣ ግማሾቹ 660 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን፣ የቀሩት ደግሞ 850 ናኖሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ምሽት እናቴ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ልጄ፣ ግማሹ እኮ ተቃጥሏል፤ መልስላት» አለችኝ። እኔም ተጠራጥሬ ነበር። የስልኬን የፊት ካሜራ ባስጠጋው ግን ጠፍተዋል ያልናቸው አምፖሎች ሐምራዊ መስለው ሲበሩ ታዩ። ተመሳሳይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢሞክር ይጠቀማል፤ ወደ ጥልቅ ሕዋስ የተሻለ የሚዘልቀው ይኸው የማይታየው ብርሃን ነውና።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. እንድሬ ሜስተር የተባለ የቡዳፔስት ሐኪም ፀጉራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ የሌዘር ብርሃን ሲያበራ ፀጉሩ ቶሎ መብቀሉን አስተውሎ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ብርሃኑን በሕዋሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሚቀበለውና የሕዋሱ ኃይል የማመንጨት ሥራ እንደሚነቃቃ፣ ብግነትም እንደሚቀንስ ነው። በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ግምገማም ሕመምን የሚቀንሰው በቂ መጠን ሲሰጥ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም እነዚያ ጥናቶች የተሠሩት በሌዘር ነው፤ የእኛ ቀበቶ ደግሞ ተራ የኤልኢዲ አምፖል ነው።

ትልቁ ቅሬታዬም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለቆዳ የሚደርሰው መጠን የሚታወቀው የብርሃኑ ኃይል በጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ለምሳሌ በካሬ ሴንቲሜትር 20 ሚሊዋት የሚሰጥ መሣሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ 12 ጁል ያደርሳል። ካርቶኑ ግን «ቁርጥማትን ይፈውሳል» ብሎ በትልቁ ሲጽፍ ይህን አንድ ቁጥር ትቶታል። ጨው ስንት እንደሚገባ ሳይነገር ወጥ ሥሩ እንደ መባል ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በባዶ ቆዳ ላይ ብለን ወሰንን። መጀመሪያ በቀሚሷ ላይ ታስረው ነበርና ጨርቁ ብርሃኑን እንደሚያስቀርባት ማስረዳት ነበረብኝ። የጥቁር ቆዳ ሜላኒን ብርሃኑን ስለሚቀበል ቶሎ ይሞቃል፤ እርሷም ሙቀቱን እስክትለምድ በ5 ደቂቃ ነው የጀመረችው።

ለውጡስ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሙቀቱ በቀር ምንም የለም። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ የማታው ጥዝጣዜ ቀነሰላት፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ የሚሰማው ቀጭ ቀጭታ ግን እንዳለ ነው። ለነሐሴ 16 በጀልባ ዘጌ ተሻግረን ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለውን ድንጋያማ የቡና ጫካ መንገድ ሁለት ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣች፤ ባለፈው ዓመት እኮ ከጀልባው ለመውረድ ሁለት ሰው ደግፏት ነበር። ምስጋናውን ሁሉ ለቀበቶው መስጠት ግን አይገባም፤ በዚያው ክረምት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ የማንሳት እንቅስቃሴዋን ሳታቋርጥ ሠርታለች። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እንቅስቃሴውን እመርጣለሁ።

ከዚህ በፊት በከተማችን አንድ ቦታ ለአንድ ጊዜ 400 ብር እየከፈልን የምትሞቀው «ቀይ ብርሃን» የተባለ ትልቅ አምፖል እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቆዳን ከማሞቅ ያለፈ ሥራ የሌለው የሙቀት መብራት ነው፤ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በነጻ ያንኑ ይሠራል። ቀበቶው በስልክ ቻርጀርና በፓወር ባንክ ስለሚሠራ ግን መብራት ሲጠፋ እንኳ አልተቸገርንም።

ብርሃኑን በቀጥታ ማየት አይገባም። ዶክሲሳይክሊን የመሳሰሉ ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ መድኃኒቶችን የሚወስዱና የካንሰር ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ፤ በድንገት ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበትም የሐኪም እንጂ የቀበቶ ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ ቀድሞ የተበላሸው ማሰሪያው ነው። ማጣበቂያው የነጠላዋን ጥጥ እየለቀመ በሦስተኛው ወር አልይዝ አለ፤ እናቴ አሁን በመቀነቷ አስራው ትቀመጣለች።