ለፍሬ ጥራት የትኛው ይሻላል? የዶሮ ኩስ፣ ኮምፖስት ወይስ የትል ማዳበሪያ

ማዳበሪያ ልንገዛ ስንሄድ አፋችን ላይ የሚመጣው «ቶሎ የሚያሳድገው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ጣፋጭ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ጥያቄ አሳሳች ነው። ቶሎ የሚያሳድገው ናይትሮጅን ነው። ሲበዛ ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬው ግን ለመቅላት ይዘገያል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ተቀጥፎም ብዙ አይቆይም። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር ይወፍራል። ለጣዕምና ለቀለም ፖታሲየም፣ ለጥንካሬ ደግሞ ካልሲየም ያስፈልጋል።

የዶሮ ኩስ ከሦስቱ ኃይለኛው ነው። የደረቀው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ገና ለሚያድግ ዛፍ ደህና ነው። ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ባይነካ እመርጣለሁ። ጥሬው ሥር ያቃጥላል፣ ጀርምም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በደንብ የተብላላውን ብቻ ግዙ።

ኮምፖስት በንጥረ ነገር ከኩሱ ያንሳል። ታዲያ ለምን አስቀድመዋለሁ? ውሃ ስለሚይዝ ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው። አፈሩ አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ቲማቲም ከታች ይጠቁራል፣ የበሰለው ይሰነጠቃል። ኮምፖስት ያለበት አፈር እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም። ከመግዛታችሁ በፊት ከረጢቱን አስከፍቱ። አንድ እፍኝ ጨብጡና አሽትቱ። ዝናብ የነካው አፈር ከሸተተ ደርሷል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ወይም መሃሉ የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው፣ ተዉት።

የትል ማዳበሪያ፣ ማለትም ትሎች ብስባሽ በልተው የሚያወጡት፣ ደቃቅና ለስላሳ ነው፤ ሥር አያቃጥልም። ለችግኝና በማሰሮ ለሚተከል ተክል ግሩም ነው። ለብዙ ዛፍ ግን ወጪው አያዋጣም። ትሎቹ የሚሠሩት ሙቀት በሌለበት ስለሆነ የአረም ዘር ሳይሞት ሊቀር ይችላል። በደንብ የጋለ ኮምፖስት፣ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የደረሰ፣ አብዛኛውን ዘር ይገድላል።

ከማዕድን ጋር ተደባልቆ በእንክብል የሚሸጥ ማዳበሪያም አለ። እሱን የምትገዙ ከሆነ ከረጢቱ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች እዩ። ሦስተኛው የፖታሲየም ነው። ለሚያፈራ ዛፍ ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከናይትሮጅኑ፣ ባያንስ ይመረጣል። የእንጨት አመድም ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፣ ግን የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ በጥቂቱ ነው።

አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ዓይኔን ሳላሽ የደረሰ ኮምፖስት እገዛለሁ። ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ የቅርንጫፉ ጥላ እስከሚደርስበት ድረስ አለብሰዋለሁ።