«የ30 ቀን ምግብ» ከመግዛታችሁ በፊት የፓኬቱን ጀርባ አንብቡ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ብታነቡት አይከፋም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የምታውቁት ሰው ይደውላል። «ቤት ናችሁ? ለቡና ልምጣ» ይላል። ቶና ላይ ሲደረስ ከመኪናው ካርቶን ያወጣል። ለክፉ ቀን የሚሆን የደረቀ ምግብ ነው። 25 ዓመት አይበላሽም። አንዱ ካርቶን ለአንድ ሰው 30 ቀን ይበቃል። ዋጋው 389 ዶላር። ቤተሰቡ አምስት ከሆነ አምስት ካርቶን፣ ያኔ ቅናሽ ተደርጎ 1,750 ይሆናል። አባል ከሆናችሁ ደግሞ እናንተም ለወዳጅ ዘመድ እየሸጣችሁ ታተርፋላችሁ።

ገንዘባችሁን አታውጡ። ቢያንስ ይህን እስክትጨርሱ።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። እንዲህ የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ ስሙን ብታውቁ ነገ በሌላ ስም ይመጣል። ሂሳቡን ግን ካወቃችሁ ማንም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

የአክስቴ ልጅ አምስቱንም ወስዳ ነበር። አንዱን ካርቶን ከፍተን በየፓኬቱ ጀርባ የተጻፈውን አንድ በአንድ ደመርነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 120 ሰርቪንግ (አንድ ጊዜ የሚቀርብ መጠን) ይላል። በቀን አራት ሰርቪንግ መሆኑ ነው። ከ120ው 24ቱ የብርቱካን ጣዕም ያለው ዱቄት መጠጥ ሆኖ ተገኘ። ስኳርና ቀለም ነው፤ አንዱ 80 ካሎሪ። 16ቱ የወተት ዱቄት፣ አንዱ 90። 16ቱ ፑዲንግ፣ አንዱ 150። 16ቱ አጃ፣ አንዱ 200። ምግብ ብለን የምንጠራው የቀረው 48 ብቻ ነው፦ ሩዝ፣ ፓስታና የድንች ሾርባ፤ አንዱ 220። ጠቅላላ ድምሩ 19,520 ካሎሪ መጣ። ለ30 ቀን ስናካፍለው በቀን 650 ሆነ።

እዚህ አገር ምግብ ላይ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ የሚሰላው በቀን 2,000 ካሎሪ ተብሎ ነው። በዚህ ሂሳብ የ30 ቀን የተባለው ካርቶን አሥር ቀን አይሞላም። ያውም ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው። በረዶ ለሚዝቅ ጎልማሳ ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ወንድ ልጅ ሲሆን ምን እንደሚደርስ የልጆች እናቶች ታውቁታላችሁ።

ሻጩን ስንጠይቀው ደነገጠ፤ እሱም ደምሮት አያውቅም ነበር። ነገሩ የሚያናድደው ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ውሸት የለም። 120 ሰርቪንግ አለ፤ ተቆጥሮ ይገኛል። በቀን ስንት ሰርቪንግ ይበላል የሚለውን የወሰነው ግን ድርጅቱ ራሱ ነው። አራት ካለ 30 ቀን ይሆናል። ሦስት ቢል 40 ቀን ይሆን ነበር። አንድ ስኒ የብርቱካን ውሃና አንድ ሳህን ሩዝ እኩል «አንድ ሰርቪንግ» ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ስንት ቀን፣ ስንት ሰርቪንግ የሚለውን እርሱት። የእያንዳንዱን ፓኬት ካሎሪ በሰርቪንጉ ቁጥር አባዙ፣ ሁሉንም ደምሩ፣ ለ2,000 አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ለአንድ ሰው ስንት ቀን እንደሚበቃ ይነግራችኋል። ሻጩ ጠቅላላውን ካሎሪ ሊነግራችሁ ካልቻለ አትግዙ።

አሁን ወደ ግሮሰሪ እንሂድ። አንድ ፓውንድ ያልበሰለ ነጭ ሩዝ 1,600 ካሎሪ አካባቢ አለው። ባለ 20 ፓውንዱ ጆንያ ከ32,000 በላይ ነው ማለት ነው። ያ ብቻውን የ389 ዶላሩን ካርቶን ሙሉ በሙሉ ይበልጣል፤ ዋጋው ደግሞ እኔ ባለሁበት 20 ዶላር አካባቢ ነው። 10 ፓውንድ ምስርና አንድ ጋሎን ዘይት ጨምሩበት። ሦስቱ አንድ ላይ ለአንድ ሰው ከአንድ ወር በላይ የሚሆን ካሎሪ አላቸው፤ በቀን 2,000 ተብሎ ተሰልቶ። እርግጥ በሩዝ፣ በምስርና በዘይት ብቻ ወር መክረም አይመከርም። ግን ካርቶኑም ከዚህ የተሻለ ነገር የለውም።

የሾርባውን ጨውም እዩት። እኛ የከፈትነው በአንድ ሰርቪንግ 700 ሚሊግራም ሶዲየም ነበረው። ለአዋቂ በቀን ከ2,300 እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ርቦት አራት የጠጣ ሰው አልፎት ሄደ። ቤታችሁ ደም ግፊት ያለበት አባት ወይም እናት ካለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ማንም የማያነሳው ጾሙ ነው። ሩዙ ውስጥ የዶሮ ጣዕም፣ ፓስታው ውስጥ የወተት ዱቄት፣ ሾርባው ውስጥ ቅቤ አለ። ሁዳዴ ላይ ማዕበል ቢመጣ ምን ልትበሉ ነው? በቸገረ ጊዜ ይፈቀዳል የሚል አለ፤ እሱን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። እኔ የምለው 1,750 ዶላር ከፍሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያውኑ የሚበላውን ይግዛ ነው። ሙስሊም ወገኖችም የዶሮውና የጄላቲኑ ነገር ሐላል መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ፓኬቱ ላይ መኖሩን ፈልጉ። እኛ ባየነው ላይ የለም።

ውሃውስ? የደረቀ ምግብ በሙሉ ውሃ ይፈልጋል፤ አብዛኛው የፈላ ውሃ። ካርቶኑ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት ፌማ የሚመክረው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ነው፣ ለመጠጥና ለንጽህና። ቀይ መስቀል ደግሞ ቤት ውስጥ የሁለት ሳምንት ስንቅ ይኑራችሁ ይላል። ለአምስት ሰው የሁለት ሳምንት ውሃ 70 ጋሎን ይመጣል። አፓርታማ ውስጥ ያን ያህል ማስቀመጥ ከባድ ነው፤ የሦስት ቀኑን 15 ጋሎን ግን ሁሉም ቤት ይችላል። ከ1,750 ዶላሩ በፊት ይቺ ትቅደም።

እሳቱም እንደዚሁ ነው። ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ዴሬቾ የተባለው የነፋስ ማዕበል ይህን አካባቢ የመታበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። በዲሲ አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። አንዳንዱ ሰፈር በዚያ ሙቀት ለቀናት ጨለማ ውስጥ ቆየ። ምድጃችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ያን ጊዜ የድንቹ ሾርባ በምን ይፈላል? እዚህ ላይ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የቡናውን ከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። ጀነሬተርም፣ መኪናም ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ብርድ በመታት ጊዜ በዚህ መንገድ ሰዎች ሞተዋል፤ ሂውስተን ውስጥ ከኛው ወገን ጭምር።

«25 ዓመት» የሚለውን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። ነጭ ሩዝ፣ ስንዴና ደረቅ ባቄላ በደንብ ታሽገው፣ ኦክስጅን ወጥቶላቸው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጡ 30 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ቀዝቃዛ ሲባል 75 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ነው። የአክስቴ ልጅ ልታስቀምጠው ያሰበችው ግን ጋራዥ ነበር። የሜሪላንድ ጋራዥ ጁላይ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ሙቀቱ ዕድሜውን ይቆርጠዋል፣ ዋስትናውም ቀዝቃዛ ቦታ ካላስቀመጣችሁ አይሠራም ተብሎ በትንሹ ተጽፏል። ፓኬቱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ 25 ዓመቱ አበቃ። ቅባት ያለበት ነገር ሁሉ ቶሎ ይበላሻል። ቡናማ ሩዝ እንኳ በቅባቱ ምክንያት ከግማሽ ዓመት ብዙም አያልፍም።

ከካርቶኑ ጋር «ራሳችሁ አሽጉ» የሚባል ፌስታልና ኦክስጅን የሚመጥ ትንሽ ከረጢትም ይሸጣሉ። ለሩዝና ለምስር ጥሩ ነው። ችግሩ ሻጩ «ቋንጣም፣ ምንም ይታሸጋል» ማለቱ ነው። አይታሸግም! በቤት የደረቀ ቋንጣ እርጥበትና ስብ አለው። እርጥበት ያለው ምግብ አየር ሳይኖረው በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መርዙ ላይታይ፣ ላይሸትም ይችላል፤ ሰው ግን ይገድላል። ቋንጣችሁን ፍሪዘር ውስጥ አድርጉ።

ስለ ፍሪዘር ካነሳን፣ መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግቡን አራት ሰዓት ያህል ነው የሚያቆየው። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይይዛል፤ በሩን ካልከፈታችሁት። ልጆቹን አስጠንቅቁ።

እኔን የሚገርመኝ ይህን ሁሉ የምንገዛው እኛ መሆናችን ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ታሽቶ ይበላል። ቆሎ አለ። ድርቆሽ አለ። ሽሮ በአንድ ድስትና በትንሽ ጋዝ ይደርሳል። ሁሉም ጾም ናቸው፣ ልጆቹም ያውቋቸዋል። 25 ዓመት አይቆዩም፣ አያስፈልግምም፤ እየበላችሁ ትተኩታላችሁ። የቤት ስንቅ በማስቀመጥ የታወቁት ሞርሞኖች የተባሉት የሃይማኖት ወገኖች እንኳ ለአባሎቻቸው የሚመክሩት በየቀኑ የሚበሉትን ምግብ ቀስ በቀስ እየጨመሩ የሦስት ወር እንዲያደርሱ ነው። ከሀበሻ ሱቅ ሁለት ኪሎ ሽሮ ስትገዙ ሦስት ግዙ፤ ከፊት ያለውን ብሉ፣ አዲሱን ከኋላ አስቀምጡ። ጥራጥሬው ነቀዝ እንዳያወጣ አዲስ ሲገባ ለአራት ቀን ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና ከዚያ በደንብ በሚገጥም ዕቃ አድርጉት።

አሁን አስቀድሞ ለገዛ ሰው። ብዙዎቻችን የምንገዛው አምነንበት ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ቤታችን መጥቶ፣ ቡናችንን ጠጥቶ፣ የሰፈር ልጅ ሆኖ እንዴት እምቢ ይባላል? ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ሱቅ የማይከፍቱት። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ግን ለዚሁ የሚሆን ደንብ አለው። ቤታችሁ ውስጥ የተሸጠላችሁ ዕቃ 25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ። በኪራይ አዳራሽ፣ በሆቴል ወይም በሬስቶራንት ከሆነ መነሻው 130 ዶላር ነው። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ እሁድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የገዛችሁትን ግን ደንቡ አይሸፍንም።

ሻጩ ሲሸጥላችሁ የመሰረዣ ቅጽ ሁለት ቅጂ ሊሰጣችሁና መብታችሁን ሊነግራችሁ ይገባል። ለአክስቴ ልጅ አልተሰጣትም። በማግስቱ ራሷ ደብዳቤ ጽፋ፣ ቀን አድርጋ፣ ፈርማ፣ ኮፒ አስቀርታ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ ማስረጃ ባለው ፖስታ) ላከች። ያልተከፈቱት የአራቱ ካርቶን ገንዘብ ተመለሰ። ሰውየው ተቀይሟል፤ ቆይቶ ይታረቃል። የተከፈተው ካርቶን ቤቷ ቀረ፣ የብርቱካኑን ዱቄት ልጆቹ በሁለት ሳምንት ጨረሱት።

እሷን የረዳት ሌላው ነገር በክሬዲት ካርድ መክፈሏ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቃት በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላከው ገንዘብ ነበር፣ «ለካርድ ሦስት ፐርሰንት ይጨመራል» ብሎ። በዜል ራሳችሁ የላካችሁት ገንዘብ አንዴ ከሄደ መመለሱ በጣም ከባድ ነው። በካርድ ከሆነ ግን ሻጩ አልመልስም ቢል ባንካችሁ ዘንድ መከራከር ይቻላል፤ ሂሳቡ የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት (ወርሃዊ የካርድ መግለጫ) ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሁፍ አመልክቱ። ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የገዛችሁ ካላችሁ ካርቶኑን አትክፈቱት፣ ደብዳቤውን ዛሬ ጻፉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች ካሏችሁ እናንተ ጻፉላቸው፤ «ይህን ግዢ ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የገዙበት ቀንና ፊርማቸው ይበቃል።