ቀለሙ የሚለቅ የሱፍ ምንጣፍ ላይ ድመት ወይም ውሻ ሲሸና፦ የትኛውን ማጽጃ መግዛት ይሻላል?

ለሱፍ ምንጣፍ የሽንት ማጽጃ ሲመረጥ ከማጽጃው ብርታት በፊት መታየት ያለበት የምንጣፉ ቀለም ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበው፣ በማይታይ ጥግ በኩል በእያንዳንዱ ቀለም ላይ፣ በተለይም በቀዩ፣ በደማቅ ሰማያዊውና በጥቁሩ ላይ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙት። ጨርቁ ፈዛዛ ሮዝ ወይም ሰማያዊ እንኳ ከያዘ ምንጣፉ ቀለም ይለቃል፤ ይህ ንጽጽርም የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ምንጣፍ ነው።

ሱፍ ብዙ ጊዜ የሚነከረው አሲድ ባለበት ውሃ በሚይዙ ቀለሞች ነው። ትኩስ የድመትና የውሻ ሽንት አብዛኛውን ጊዜ ለዘብ ያለ አሲድነት አለው፤ ሲቆይ ግን ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ስለሚለውጡት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል፣ አልካላይን ደግሞ እነዚህን ቀለሞች ከሱፉ ያላቅቃል። በዚህ ምክንያት አልካላይን የሆነ ማጽጃ መጨመር ሽንቱ የጀመረውን ጉዳት ማባባስ ነው።

ለቤት አገልግሎት በዋናነት የሚነጻጸሩት ነጭ አቼቶና የኢንዛይም ማጽጃ፣ ማለትም የሽንቱን ቆሻሻ የሚሰባብሩ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ማጽጃ፣ ናቸው። ሽታን ከሥሩ በማጥፋት ረገድ ኢንዛይሙ ይበልጣል፤ አቼቶ አሞኒያውን ቢያረክሰውም በሽንቱ ውስጥ ያሉትን የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች ስለማያሟሟ፣ አየሩ እርጥበት ባዘለ ቁጥር ሽታው ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ኢንዛይም ሥራውን እንዲሠራ ምንጣፉ ለብዙ ሰዓት ርሶ መቆየት አለበት፣ ቀለሙ የሚለቅ ምንጣፍ ደግሞ የማይችለው ይህንኑ ነው። ከዚህም ሌላ በብዙዎቹ ውስጥ የሚጨመረው ፕሮቴዝ የተባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን የሚሰባብር በመሆኑ፣ ራሱ ፕሮቲን የሆነውን ሱፍ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ለሱፍ እንደሚሆን በመለያው ላይ በግልጽ ያልተጻፈበትን አይግዙ። ሽታው ቢዘገይም በኋላ ሊወጣ ይችላል፣ ወደ ነጩ ዘርፍ የፈሰሰን ቀይ ቀለም መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ለትኩስ ሽንት ምርጫዬ አቼቶ ነው።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይሻል። አስቀድሞ ሽንቱን ሳያሹ በነጭ ፎጣ ከላይም ከሥርም እየተጫኑ መምጠጥ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ ቀለም የሌለው አቼቶ በሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በስፖንጅ በጥቂቱ ማስነካት፣ ወዲያው እንደገና መምጠጥና ምንጣፉን ከወለሉ አንሥቶ በቬንትሌተር ማድረቅ ያስፈልጋል። የጥጉን ፍተሻ በዚሁ ውህድም ይድገሙት፤ አሁንም ቀለም ከለቀቀ፣ ከመምጠጥ አልፈው ምንም ፈሳሽ አያስነኩት።

ሌሎቹ ብዙ አያከራክሩም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ኦክስጅን አለው የሚባለው የዱቄት ማጽጃ ቀለም ያነጣሉ፤ ዱቄቱ በተጨማሪ ጠንካራ አልካላይን ነው። ቤኪንግ ሶዳም ሲርስ ለዘብ ያለ አልካላይን ይሆናል። በረኪና ግን ጨርሶ አይታሰብ፣ ሱፍን ያሟሟል፣ ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። የእንፋሎት ማሽንም ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚያስለቅቀው አይመረጥም።

ሽንቱ ከደረቀና ወደ ጀርባው ከዘለቀ ጉዳዩ የአጣቢ ነው፤ ምንጣፉን ገልብጠው ሲያዩት በጀርባው ያለው እድፍ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሰፍቶ ያገኙታል። ቤት ድረስ መጥቶ በሻምፖ የሚያጥብ ድርጅት የላዩን ብቻ ስለሚያረጥብ ወደ ሥር የገባውን አያወጣም። የላውንደሪ ደረቅ እጥበትም የሽንቱን ጨው አያወጣም፣ ጨው የሚሟሟው በውሃ ነውና። የሚሻለው ምንጣፉን አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚያጥብ የምንጣፍ ባለሙያ ነው። ከመስማማትዎ በፊት እያንዳንዱን ቀለም ይፈትሽ እንደሆነ፣ በቀዝቃዛና አሲድ በተጨመረበት ውሃ ያጥብ እንደሆነ፣ ውሃውንም በምን ፍጥነት እንደሚያወጣ ይጠይቁት። ሽንት ያነጣው ወይም የለወጠው ቀለም በእጥበት እንደማይመለስ አስቀድሞ የሚነግርዎትን ይምረጡ።

እንስሳ ባለበት ቤት አዲስ ምንጣፍ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ በራሱ በበጉ ቀለም የተሠራውን ቢመለከት እመክራለሁ። ከመንዝ በግ ነጭ፣ ቡኒና ጥቁር ሱፍ ሳይነከር የተሠራ ምንጣፍ የሚለቀው ማቅለሚያ የለውም፤ ፕሮቴዝንና በረኪናን ግን እንደማንኛውም ሱፍ አይችልም። ሻጩ «አልተነከረም» ቢልዎትም እርጥቡን ነጭ ጨርቅ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነክተው ይዩት።