ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፕሬሰር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀለሙን አትመኑ

ሰሞኑን ደሴ ላይ «አዲስ፣ ከነካርቶኑ» እየተባለ የሚሸጥ ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር (የንፋስ መጭመቂያ) አለ። ባለ 50 ሊትር ነው፤ ሁለት ጎማ አለው፤ ቀይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በሲሶ ይቀንሳል። ግን አዲስ አይደለም። ያረጀ ታንክ ቀለም ተቀብቶ፣ ደካማ ሞተር ተገጥሞለት፣ «3 ኤችፒ» (ሦስት የፈረስ ጉልበት) የሚል ስቲከር የተለጠፈበት ነው። ለንግድ ጽሕፈት ቤት ያቀረብነው አቤቱታ ገና በሂደት ላይ ስለሆነ የሱቁን ስም አልጽፍም። ደግሞም አንድ ሱቅ ብቻ የሚሠራው ሥራ አይመስለኝም።

የገዛው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ በባቲ መውጫ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሊከፍት ነበር። እኔ የኤሌክትሪክ ሞተር ጠምጣሚ ስለሆንኩ ማሽኑ መጨረሻ ላይ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

መጀመሪያ ያስቸገረው ነገር ፍጥነቱ ነው። ታንኩ አይሞላም። ልጁ ወደ ሱቁ ሲደውል የተሰጠው መልስ ይህ ነው፦ «ወንድሜ፣ ደሴ እኮ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ኮምቦልቻ ስታወርደው ይፈጥናል፤ አታስብ።» ልጁም አመነ። ማንም ቢሆን ያምናል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው።

ሂሳቡን እንየው። 50 ሊትር ታንክ ውስጥ ግፊቱን 8 ባር ለማድረስ በባሕር ወለል ደረጃ 400 ሊትር አየር ይበቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ወደ 530 ሊትር መሳብ አለበት። ስቲከሩ «በደቂቃ 250 ሊትር» ይላል። ይህ ቁጥር ፒስተኑ የሚጠርገው አየር ነው፤ ታንኩ ውስጥ የሚገባው ሲሶ ያህሉ ተቀንሶ ነው። እንዲህም ሆኖ ጤነኛ ማሽን ደሴ ላይ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ፣ ግፋ ቢል አምስት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ራሱን ማጥፋት ይኖርበታል። የልጁ ማሽን አስር ደቂቃ አልፎትም 6 ባር ላይ እያቃሰተ ነበር። 6 ባር ማለት በጎማ ንፋስ መለኪያ 87 ፒኤስአይ ነው። ለባጃጅና ለቤት መኪና ይተርፋል። የሲኖትራክ ጎማ ግን 100 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ መንገድ ደግሞ ጎሚስታን የሚያኖረው የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ኮምቦልቻ ሲወርድስ? ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚገኘው ትርፍ ከመቶ አስር እንኳ አይሞላም። አስር ደቂቃ የፈጀ ማሽን ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል፤ በቃ። ወረደ፤ እንደተባለውም አልፈጠነም።

ከዚያ እኔ ጋ መጣ። መጀመሪያ አምፔሩን ለካሁ። እውነተኛ 3 ኤችፒ ሞተር 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በ220 ቮልት ጭነት ላይ ሲሆን ከ12 አምፔር በላይ ይስባል። ይሄኛው 5 ነበር የሚስበው። ቢበዛ የአንድ ፈረስ ጉልበት ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሽቦውን በምላጭ ጫር ሳደርገው መዳብ መሳዩ ቀለም ተላጠና ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። አሉሚኒየም ሽቦ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ብዙ ርካሽ ሞተር በእሱ ይሠራል። «ንጹሕ መዳብ» ብሎ መሸጥ ነው ወንጀሉ።

እዚህ ድረስ የገንዘብ ጉዳት ነው። ታንኩ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከታንኩ ሥር ውሃ ማፍሰሻ ቡሎን አለ። ቀለም ስለተቀባበት በግድ ነው የላላው። ሲከፈት የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ወረደ፤ ከኋላው ደግሞ የዝገት ቅርፊት ተከተለ። አዲስ ከተባለ ማሽን! ኮምፕሬሰር አየር ሲጨምቅ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ታንኩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። በየቀኑ ካልፈሰሰ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ይህ ታንክ ዓመታት ውሃ ሳይፈስለት የኖረ ነው። ጎኑን በመብራት ስናየው ከቀለሙ ሥር የድሮው ስም ሰሌዳ የተነቀለበት የሪቬት ቀዳዳ ምልክት አለ። በእግሩ አጠገብ ደግሞ ተበይዶ የተሞረደ ቦታ አለ። በግፊት የሚሠራ ታንክ ሰፈር ውስጥ አይበየድም። ብየዳው ዳር ዳሩን ያደክመዋል፤ ሲፈነዳም በዚያው በኩል ነው።

ይባስ ብሎ፣ ልጁ በመሃል «አየር ያስወጣል» ብሎ ወደ ሱቁ ወስዶት ነበር። «አስተካከልንልህ» ብለው መለሱለት። ያስተካከሉት ሴፍቲ ቫልቩን ነቅለው በቦታው ቡሎን በመክተት ነው። ቀለበት ያለችው ያቺ ትንሽ ናስ ዕቃ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ራሷ ተከፍታ የምታስተነፍሰው ናት። ታንኩ ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊች ተጣብቆ ሞተሩ አልጠፋም ቢል፣ በሰውና በፍንዳታ መካከል ያለችው እሷ ብቻ ናት። ያንን በቡሎን የደፈነ ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሶኬት ላይ ሰክተው ያሳዩአችሁ። «መብራት የለም፣ ነገ ና» ካሉ ነገ ሂዱ፤ ብሩ ግን ኪሳችሁ ይደር። ከማስነሳታቸው በፊት ዘይት መኖሩን በመስታወቷ እዩ፤ ቀይዋ ነጥብ መሃል ድረስ መሆን አለበት። ብዙ አዲስ ማሽን ያለ ዘይት ነው ከካርቶን የሚወጣው። ሱቅ ውስጥ በደረቁ አስነስተው ካሳዩአችሁ ፒስተኑንና ፋሻውን እዚያው ፈጁት ማለት ነው፤ በኋላ ግን «ዘይት ሳታደርግ አቃጥለኸው ነው» ብለው ጋራንቲውን ይከለክሏችኋል። ከዚያ ማፍሰሻውን ከፍታችሁ የሚወጣውን በነጭ ሶፍት ተቀበሉ። ዝገት ካለ ወሬ አያስፈልግም፤ ውጡ። ንጹሕ ከሆነ ዝጉትና ከዜሮ እስከሚጠፋ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ሲጠፋ ፕሬዠር ስዊቹ ጋ «ጢስ» ብሎ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ይህ ጤና ነው። ማቆሚያ ከሌለው ግን አየሩ ከታንኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ተበላሽቷል። በመጨረሻ የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት ሳቡ። መጮህ አለበት።

ታንኩ ላይ የራሱ ሰሌዳ ይኑር፤ የሚሸከመው ግፊትና የተሠራበት ዓመት ይጻፍበት። ወረቀት ስቲከር ሰሌዳ አይደለም።

ደህና ማሽን ገዝታችሁም እኛ አካባቢ በብዛት የሚያቃጥለው ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው። ማታ ማታ ቮልቴጁ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ሃያ ሜትር ቀጭን ሽቦ ሲጨመርበት ሞተሩ ማስነሳት አቅቶት እያጓራ ይቃጠላል። ሽቦውን አሳጥሩ፤ ርቀት ከፈለጋችሁ የንፋስ ቱቦውን አስረዝሙ። ዘይቱ የኮምፕሬሰር ዘይት ይሁን፤ ከመኪና የተቀዳ አሮጌ ዘይት የሚጨምሩ አይቻለሁ፤ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይቀየር፤ ብረቱ ሲላመድ ብናኝ ይለቃል። የአየር ማጣሪያውን የጎሚስታ አቧራ ሳይደፍነው አራግፉ። ማታ ስትዘጉ ውሃውን አፍስሱ።

ደረሰኝ ላይ «ኮምፕሬሰር 1» ተብሎ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። የእህቴ ልጅ ደረሰኝ እንዲያ ነው የሚለው፤ አሁን እያከራከረን ያለውም ይሄው ነው። «አዲስ፣ 3 ኤችፒ፣ 50 ሊትር» ተብሎ ከነሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ ግን ወረቀት ይፈልጋል።

ቀዩን ማሽን የገዛችሁ ካላችሁ ከአሁን ጀምሮ አታስነሱት። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ንፋሱን በቱቦው በኩል ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ዜሮ ካለ በኋላ ማፍሰሻውን ክፈቱና የሚወጣውን በስልክ ቅረጹ፤ ሴፍቲ ቫልቩ ያለበትንም ቦታ ፎቶ አንሱ። ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እኛ ከነታንኩ ነው ጭነን የሄድነው፤ ከነዝገቱ እያዩት ተቀብለውናል።