ለተናካሽ ጥንቸሌ የገዛሁት ተጣጣፊ የሽቦ አጥር

ቤታችሁ የምትናከስ ጥንቸል ካለች ወፍራም ጓንት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የማወራው ስለ ተጣጣፊው የሽቦ አጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለቡችላ ተብሎ የሚሸጠው፣ ክፍሎቹ ተያይዘው ክብም አራት ማዕዘንም የሚሆነው። ለእኔ ለጥንቸል ተብሎ ከተሠራው ቤት በብዙ ይሻላል።

ጥንቸሌ ዳማ ሴት ናት። ትንሽ ሳለች እግራችን ሥር ተዘርግታ ነበር የምትተኛው። ስትጎረምስ ግን ነገሩ ተለወጠ። እጅ ወደ ቤቷ ሲገባ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ፣ እያጉረመረመች በፊት እግሮቿ ትማታለች፤ ካልሸሻችሁ ትነክሳለች። ይህችው ጥንቸል ከቤቷ ስትወጣ ግንባሯ እንዲዳሰስላት ራሷን ዝቅ ታደርጋለች። ክፉ አይደለችም። የምትጠብቀው ቦታዋን ነው። በዱር ያሉት ሴት ጥንቸሎችም የሚወልዱበትን ጉድጓድ ከሌሎች ሴቶች ይከላከላሉ፣ የቤት ጥንቸል ደግሞ ዘሯ ከእነሱ ነው።

የድሮው ቤቷ ጠባብ በር ያለው ሳጥን ነበር። ድርቆሽ ለመጨመርም ሆነ መጸዳጃዋን ለማውጣት የግድ እጅ መስደድ አለባችሁ። ጥንቸል ዓይኖቿ በጎን በኩል ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፣ ልክ አፍንጫዋ ፊትና አገጯ ሥር ያለውን ግን አታይም። እና በዚያች በር ገብቶ አፍንጫዋ ሥር ድንገት የሚከሰት እጅ፣ መሸሻ በሌለበት ቦታ፣ ለእሷ ምን እንደሆነ አስቡት።

አጥሩ የሚፈታው ይህንን ነው። አንዱን ክፍል ትከፍቱና ትተዋላችሁ። አትጎትቷት፣ አታስወጧት፤ ራሷ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ዘግታችሁ በእርጋታ ታጸዳላችሁ። ሁሉንም ግን ጠርጋችሁ አትጣሉ። የራሷ ጠረን ያለበት ትንሽ ድርቆሽ መጸዳጃው ውስጥ ተዉላት፣ ያለዚያ እንደ አዲስ በሽንቷ ምልክት ልታደርግ ትነሳለች። ዳማ ቤቷ ውስጥ የሚገባ እጅ ማየት ካቆመች ወዲህ ማጉረምረሟ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ አሁን አጠገቧ መሬት ላይ ስቀመጥ መጥታ ታሸተኛለች።

እንከን የለውም አልልም። ሽቦው ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፁን በሰማች ቁጥር በኋላ እግሯ ወለሉን ትደበድብ ነበር። ቀላል ስለሆነ በአፍንጫዋ እየገፋች ቦታውን ትለውጠዋለች፤ አንዱን ጎን ከግድግዳ ወይም ከከባድ ዕቃ ጋር አስጠግቶ ማሰር ያስፈልጋል። ወለል የለውም። ይህኛው ግን ለእኔ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም ጥንቸል እንደ ድመት መዳፏ ሥር ልስልስ ሥጋ የላትም፣ የእግሯ ሥር ፀጉር ብቻ ነው፣ የሽቦ ወለል ያቆስላታል። የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፉ፣ በቃ።

አጥሩ የማያደርገውንም ልንገራችሁ። ሆርሞን አያበርድም። ዳማን አስመክነናታል፣ ለውጡም የሁለቱ አንድ ላይ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆርሞኑ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ በማግስቱ ጠባይዋ ይለወጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ያልተመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ ለማህፀን ካንሰር በጣም ስለምትጋለጥ፣ ባትናከስም እንኳ አስመክኗት እላለሁ። ሐኪም ስትመርጡ ጥንቸል በብዛት የሚያክም ይሁን። አንድ መለያ ልስጣችሁ፦ ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፣ አንጀቷም ባዶ ሆኖ መቆየት የለበትም፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አስርባችሁ አምጧት የሚል ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ደግሞ ሰላማዊ የነበረች ጥንቸል በድንገት መናከስ ከጀመረች አጥርም ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ትመርመር። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ አለቅጥ አድጎ ምላስና ጉንጭ ሊወጋ ይችላል። የታመመ እንስሳ ሲነኩት ይናከሳል፣ ይህ ጠባይ አይደለም። መብላት ካቆመች ደግሞ ነገ አትበሉ፣ የዚያኑ ዕለት ውሰዷት።

እባካችሁ አትምቷት። አፍንጫዋን ቸብ ማድረግ የሚመክሩ አሉ፤ እጅ አደገኛ ነው ብላ የምታምነውን እንስሳ ልክ ነሽ እንደማለት ነው። ጓንቱም ብዙም አልጠቀመኝም። ይበልጥ ያስፈራታል፣ እናንተንም ያለጥንቃቄ እጃችሁን እንድትሰዱ ያደርጋችኋል። ብቻዋን ስለሆነች ነው ብሎ ሌላ ጥንቸል እዚያው ክልሏ ውስጥ መጨመርማ የከፋ ነው፣ ክፉኛ ይቦጫጨቃሉ። ማስተዋወቅ ካለባችሁ ሁለቱም ከመከኑ በኋላ፣ የማንኛቸውም ባልሆነ ቦታ ይሁን።

የምትገዙ ከሆነ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። 60ውን ብዙ ጥንቸል ይዘለዋል። በፕላስቲክ የተለበጠውን ተዉት፣ እየላጠች ትበላዋለች። የሽቦዎቹ ክፍተት ጭንቅላቷን የማያስገባ መሆኑንም እዩ። በር ያለው ይሻላል፣ መሸጎሪያውን ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ በአንድ እጅ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ቤት ስትሆኑ በሌላኛው እጃችሁ ድርቆሽ ይዛችኋል።