መጀመሪያ የትኛውን ኮራል ልግዛ? ለስላሶቹ፣ ሀመር እና አክሮፖራ

አዲስ የባሕር ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ አክሮፖራ በሚባለው ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ላይ ማረፉ አይቀርም። ቀለሙ ያማልላል። እኔ ግን ከቀለሙ በፊት አንድ ነገር አስቡ እላለሁ፦ ውሃችሁን በሳምንት ስንት ጊዜ ለመለካት ጊዜ አላችሁ?

ከጨውና ከሙቀት ሌላ ብዙ መለካት የማይመቸው ሰው ለስላሶቹን ኮራሎች ይውሰድ፤ ማሽሩም፣ ዜኒያ፣ ሌዘር (ቆዳ የሚመስለው) የሚባሉትን። ድንጋያማ አጽም ስለማይሠሩ ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) እምብዛም አይጨርሱም፤ ናይትሬት ከፍ ቢልም ይችሉታል። ሌዘር አንዳንዴ ለቀናት ይዘጋል፣ ላዩም እንደ ሰም ያብለጨልጫል። የእኔ እንዲህ ሲሆን ሞቷል ብዬ ላወጣው ነበር። በአምስተኛው ቀን ስስ ሽፋኑ ተልጦ ወደቀና ከበፊቱ አምሮ ተከፈተ። ችግራቸው መስፋፋታቸው ነው። ዜኒያ ዋናውን ድንጋይ ከያዘ ማስለቀቅ ስለሚያደክም ለብቻው በተቀመጠ ድንጋይ ላይ አኑሩት። ዞዋንቲድ የሚባለውን ለስላሳ ዓይነት የምትገዙ ደግሞ ፓሊቶክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ጓንትና መነጽር አትንኩት፤ የበቀለበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ።

አክሮፖራ ሌላ ዓለም ነው። ከ250 እስከ 350 ፓር (ለአልጌና ለተክል የሚጠቅም ብርሃን መለኪያ) የሚደርስ ብርሃንና ብርቱ የውሃ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። አልካሊኒቲው በአጭር ጊዜ ከተዋዠቀ ሥጋው ከሥሩ ጀምሮ ሊላጥና ነጭ አጽሙ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከኮራሉ ዋጋ ላይ የመብራቱን፣ የካልሲየምና የአልካሊኒቲ መመጠኛ ፓምፑንና የመለኪያዎቹን ደምሩ። ገንዳው ዓመት ካልሞላው ባትገዙ ይሻላል።

ምርጫዬ በመካከል ያለው ሀመር፣ የጣቶቹ ጫፍ መዶሻ የሚመስለው ኮራል ነው። መጠነኛ ብርሃን ይበቃዋል፤ አልካሊኒቲውን 8 ወይም 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ላይ አጽንቶ በሳምንት አንድ ሁለቴ መለካት ግን ግድ ነው። ፓምፑን ፊት ለፊት አታዙሩበት፤ ሥጋው ይቀደዳል። ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ልኩን አግኝቷል ማለት ነው። ሌሊት በባትሪ ብታዩት ቀን የማይታዩ ረጃጅም ጣቶች ዘርግቶ ጎረቤቱን ሲለበልብ ታገኙታላችሁ፤ ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉለት።

እንደ እኔ በገልፍ አገር የምትኖሩ፣ በበጋ የቤቱን ኤሲ አጥፍታችሁ ለእረፍት አትሂዱ። ውሃው ለቀናት ከ29 ዲግሪ በላይ ከቆየ ሦስቱም ዓይነቶች በሥጋቸው ውስጥ የሚኖረውንና የሚመግባቸውን አልጌ አስወጥተው ሊነጡ ይችላሉ። ማቀዝቀዣ መግዛት ካለባችሁ ከኮራሉ በፊት ግዙ።

ሀመር ስትገዙ ቅርንጫፍ ያለውን ምረጡ። አንዱ ራስ ቢታመም ቆርጣችሁ ሌሎቹን ታድናላችሁ፤ እንደ ግድግዳ ወጥ የሆነው ግን በሽታ ከጀመረው ሙሉውን ሊያጠፋው ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩት። ሥጋው የቅርንጫፉን አፍ ተሻግሮ ወደ ታች መውረድ አለበት። አፉ ላይ አዲስ ነጭ አጽም ከታየ ሻጩ ዋጋ ቢቀንስም አትውሰዱት።