አራቱ የግፊት ኪኒኖች በኮሮና ሚዛን

ከፋርማሲ መደርደሪያ ለደም ግፊት በብዛት የሚወርዱት ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ አምሎዲፒን እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ናቸው። ግፊት በማውረድ አራቱም የተመሰከረላቸው ስለሆኑ በዚያ አንመዝናቸውም። የምናየው ግፊት ያለበት ሰው ኮሮና ሲይዘው የትኛው ኪኒን ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ነው።

ስማቸው በከንቱ የጠፋው ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ናቸው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው ኤሲኢ-2 በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው፤ አንዳንድ የእንስሳት ሙከራዎች ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮቲኑን እንደሚያበዙት አሳይተው ነበር። በር ከበዛ ሌባም ይበዛል ዓይነት ስጋት የተነሳው ከዚህ ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር የደም ግፊት ምክር ቤት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የሚያሳስብ መግለጫ ያወጣው ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያስታወቀችውም በዚያው ዕለት ነበር።

ማስረጃው የመጣው ኋላ ነው። ብራዚል ውስጥ እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያለ መድኃኒት እየወሰዱ በኮሮና ሆስፒታል የገቡና ሕመማቸው ያልከፋ 659 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን ለ30 ቀን አቆሙ፣ ግማሾቹ ቀጠሉ። በሕይወትና ከሆስፒታል ውጭ ያሳለፉት ቀን በአማካይ ያቆሙት 21.9፣ የቀጠሉት 22.9 ሆነ። የሞቱትም 2.7 እና 2.8 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በ7 አገሮች 152 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም ከዚህ የተለየ ነገር አላገኘም።

ተቃራኒው ወሬም አያዋጣም። ሎሳርታን ኮሮናን ያድናል ተብሎ ቀድሞ ለማይወስዱት ታማሚዎች ቢሰጥም ጥቅም አልተገኘበትም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ላሉት እንደ አዲስ መጀመር ደግሞ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ የጀመረ አያቁም፣ ያልጀመረም ለኮሮና ብሎ አይጀምር።

የኢናላፕሪል እውነተኛ ችግር ሳሉ ነው። ጉሮሮ የሚኮረኩር፣ አክታ የሌለው፣ ትኩሳት የማይከተለው ደረቅ ሳል ሲሆን ኪኒኑ ከተጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል። የኮሮናው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ከትኩሳት፣ ከቁርጥማት ወይም ከሽታ መጥፋት ጋር ይደርሳል። የቆየ ሳል በድንገት ከተለወጠ መመርመር ነው። በኪኒኑ የመጣን ሳል ሽሮፕ አያስታግሰውም፤ ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን ሲቀይረው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል፣ ኢናላፕሪልም ከዚያ ወዲያ ለዘለዓለም ይቅር። ለነፍሰ ጡር ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም አይሰጡም።

አምሎዲፒን ከኤሲኢ-2 ወሬ ነጻ ነው። ተቅማጥና ትውከት ውኃ ሲያሟጥጡም ኩላሊት ላይ ጫና ስለማይጨምር ለታመመ ሰው የሚመች ኪኒን ነው። ድክመቱ ፓክስሎቪድ ከሚባለው የኮሮና ኪኒን ጋር አለመስማማቱ ነው፤ አሜሪካና እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ይህን ልብ ይበሉ። በፓክስሎቪድ ውስጥ ያለው ሪቶናቪር አምሎዲፒንን የሚሰብረውን የጉበት ኤንዛይም ስለሚያግድ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ ማዞር፣ የግፊት መውረድ፣ የቁርጭምጭሚት እብጠት ይከተላል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱታል፤ 10 ሚሊግራም ወደ 5፣ 5 ወደ 2.5። ይህም ፓክስሎቪድ በሚወሰድባቸው 5 ቀናትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። የአምሎዲፒን ዘመድ የሆነው የግፊት ኪኒን ኒፌዲፒንም ከፓክስሎቪድ ጋር ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መጠናቸው ባለበት ይቀጥላል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ያ የሚያሸናው፣ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጠዋት 12.5 ወይም 25 ሚሊግራም ይበቃል። ነገር ግን የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ሰው ላይ ፈሳሹን፣ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን አብሮ ያሟጥጣል። ሰውየው የጠጣው የማይረጋለት ከሆነ ይህንንም፣ ኢናላፕሪልንና ሎሳርታንንም ሐኪም አማክሮ ለጊዜው ማቆም ይገባል፤ መብላትና መጠጣት በደንብ ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ትኩሳትና ሳል ብቻ ማቋረጫ ምክንያት አይሆኑም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ቫይረስ ይዞኛል» ብሎ ሁሉንም ይተውና ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል።

ከሁሉም የከፋው ግን በራሱ በግፊት ኪኒኑ ሳይሆን በማስታገሻው የሚመጣ ጥፋት ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠቡታል፣ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚያስወጣውን ያሰፉታል፣ የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ ፈሳሹን ይቀንሳል። ማጣሪያው ውስጥ ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊቱም ሥራ ሊያቆም ይችላል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ፤ ጉበት የታመመ ሰው ከዚህ ያነሰ ነው የሚወስደው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ዓይነት ግን ለግፊት ታማሚ አንመክርም። አንዱ ፍሬ 400 ሚሊግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ 8 ፍሬ ደግሞ ወደ 3 ግራም ይደርሳል። ሳይሟሟ የሚዋጠው ተራው ኪኒን ይሻላል።